የ14 ዓመት ልጅ ወርክሾፕ ላስገባ? ምከሩኝ

ብየዳ ከኮምቦልቻ | ሰኔ 29፣ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አጥር እንሠራለን። ከእኔ ሌላ ሦስት ልጆች አሉ።

ዛሬ አክስቴ ከወረባቦ መጣች። ሦስተኛውን ስኒ እየጠጣን የልጅ ልጇን ነገር አነሳች። 14 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ 7ኛ ክፍልን ጨርሷል። «ክረምቱን አንተ ጋር ይዋል። እጁን ይፍታ። ለደብተርና ለጫማው የሚሆን ትሰጠዋለህ» አለችኝ። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንዴት አድርጌ እምቢ እላታለሁ?

እኔም ብየዳ የጀመርኩት በ12 ዓመቴ ነው። ግን በቀደም አንድ ጎረቤቴ «ሕፃን አሠርተህ ትከሰሳለህ» ሲል ሰማሁት። እውነት ነው? ሕጉን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ለሁለት ወር ብቻ ነው፣ ዘመዴም ነው።

ሐረጎ | ሰኔ 29፣ ማታ 2:31

ወንድሜ ውሰደው። ሥራ የለመደ ልጅ አይባልግም። እኛ ሁላችን በግ ጠብቀን፣ እንጨት ለቅመን ነው ያደግነው። ክረምቱን ሙሉ ሰፈር ውስጥ ከሚንከራተት ካንተ ሥር ቢሆን ይሻለዋል። ሙያ ደግሞ በልጅነት ነው የሚያዘው።

ጠበቃዋ ከደሴ | ሰኔ 29፣ ማታ 3:05

ሰላም ወንድሜ። ቀድመህ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው እኛ ቢሮ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ዕድሜው 15 ያልሞላውን ሰው መቅጠር ክልክል ነው ይላል። «ለክረምት»፣ «ለግማሽ ቀን»፣ «ለዘመድ» የሚባል ልዩነት የለውም። ድሮ በአዋጅ 377/1996 ወሰኑ 14 ነበር። ብዙ ሰው እስካሁን 14 የሚለው ከዚያ ቀርቶበት ነው። አንድ ዓመት ተጨምሯል።

ከ15 እስከ 18 ያለውን ሕጉ «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል። እሱን መቅጠር ይቻላል፣ ግን እንደ አዋቂ ማሠራት አይቻልም። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የትርፍ ሰዓት የለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። በሳምንት እረፍቱና በሕዝብ በዓልም እንደዚያው።

ከሁሉ በላይ ያንተን ሥራ የሚነካው ደግሞ ሌላ ነው። ወጣት ሠራተኛን ሕይወቱን ወይም ጤናውን ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ መመደብ አይፈቀድም። ብየዳ፣ ግራይንደር፣ ላሜራ መቁረጥ። አንተው ንገረኝ፣ እነዚህ አደጋ የላቸውም?

ብየዳ ከኮምቦልቻ | ሰኔ 29፣ ማታ 3:20

አላቸው እንጂ። እኔ ራሴ ግራ እጄ ላይ የዲስክ ጠባሳ አለ።

ግን እህቴ፣ የእኔ ወርክሾፕ እኮ ፋብሪካ አይደለም። አራት ሰው ነን። አዋጁ እኛንም ይመለከታል? ደግሞ ልጁ የልደት ካርድ የለውም። አክስቴ «የተወለደው ማሽላው ሲታጨድ ነው» ነው የምትለኝ። 14 ይሁን 15 በምን አውቃለሁ?

ጠበቃዋ ከደሴ | ሰኔ 29፣ ማታ 3:44

አንድ ሠራተኛ ያለውንም ይመለከታል። አዋጁ የሚያየው የሥራ ግንኙነቱን እንጂ የግቢውን ስፋት አይደለም። የጽሑፍ ውል ስለሌለም ቅጥር የለም ማለት አይደለም። በቃልም ቅጥር ቅጥር ነው።

ስለ ዕድሜው፣ ቁመት አይታመንም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ የገጠር ልጆች ብዙዎቹ ካርድ የላቸውም። ግን ትምህርት ቤት ሲገባ የተጻፈ ዕድሜ አለው። እሱን አስመጣ። ዘግይቶ ማስመዝገብም ይቻላል። ከተጠራጠርክ ደግሞ ጥርጣሬው ለልጁ ይሁን።

የሸዋ በር ልጅ | ሰኔ 29፣ ማታ 4:10

ስለ ብየዳ አንድ ነገር ልበል። እኔ በ13 ዓመቴ ነው ደሴ አንድ ብየዳ ቤት የገባሁት። ስሙን አልጠራም፣ ሰውየውም አሁን አርጅቷል። ክፉ ሰው አልነበረም። ምሳ ያበላኝ ነበር።

ማስክ አንድ ብቻ ነበር። የሚይዘው በያጁ ነው። እኔ ሥራዬ ብረቱን መያዝ ነው። «ዞር በል፣ አትይ» ይሉኛል። ግን ብረቱ እንዳይንሸራተት ካላየሁ በምን እይዘዋለሁ? ቀን ምንም አይሰማኝም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኛል። እናቴ ድንች በስሱ ቆርጣ ዓይኔ ላይ ታደርግና በነጠላዋ ታስርልኛለች። ድንቹ ሲሞቅ ገልብጣ ታስራለች። እሷም አትተኛም። ጠዋት ዓይኔ አብጦ ተመልሼ እገባለሁ። ይህ አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ዓመት ነው።

አሁን 31 ዓመቴ ነው። ማታ መኪና መንዳት አልችልም። የፊት መብራት ሲመጣብኝ ሁሉ ነገር ይጠፋብኛል። ሐኪሙ ያኔ ከነበረው ነው ወይስ ከሌላ ነው ብሎ አልነገረኝም። እኔ ግን እነዚያን ሌሊቶች አልረሳም። ወንድሜ፣ የአክስትህን የልጅ ልጅ እዚያ አታስገባው።

ሐረጎ | ሰኔ 30፣ ጠዋት 1:50

የሸዋ በር ልጅ፣ እግዜር ይማርህ። ታሪክህ አሳዝኖኛል። ግን ይህ የአሠሪው ጥፋት ነው። ሁለተኛ ማስክ ቢገዛ ያልቃል።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሕግ የፈረንጅ ሕግ አይደለም ወይ? ፈረንጅ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ ቢቀመጥለት የሚያበላው አለው። የወረባቦ ገበሬ ግን ልጁ ካልሠራ ደብተር የሚገዛው በምን ነው? ሕግ አውጪው ይህንን ያውቃል?

ጠበቃዋ ከደሴ | ሰኔ 30፣ ጠዋት 3:12

ሐረጎ፣ ጥያቄህ ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤትም እሰማዋለሁ።

የዓለም ሥራ ድርጅት ስለ ዝቅተኛ ዕድሜ ያወጣው ስምምነት ቁጥር 138 ነው። ስምምነቱ ድህነትን ረስቶ የተጻፈ አይደለም። ኢኮኖሚያቸው ያልጠነከረ አገሮች ከ15 ይልቅ 14ን መነሻ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ትምህርት የማያስተጓጉል «ቀላል ሥራ»ም ከዚያ በታች ላሉ ልጆች መፍቀድ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1991 ስታጸድቅ 14ን ነበር የመረጠችው። በ2011 ወደ 15 ከፍ ያደረግነው እኛው ነን፣ ማንም አላስገደደንም። የቀላል ሥራውን ፈቃድ ደግሞ በአዋጃችን አላስገባንም። ይህ ክፍተት ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

አንድ ነገር ግን እንለይ። አዋጁ የሚከለክለው ቅጥርን ነው። ልጅ ከእናቱ ጋር ማሳ ቢያርም፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ ቢጠብቅ፣ ያ ቅጥር አይደለም። እናንተ በግ ጠብቃችሁ ያደጋችሁትን ማንም ወንጀል አላለውም። እዚያም ቢሆን ወሰን አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይጠብቀዋል። ያ በአባቱ ቤትም ይሠራል።

መምህር፣ ሆጤ | ሰኔ 30፣ ጠዋት 4:30

እኔ የምጨምረው ከክፍል ያየሁትን ነው። «ክረምቱን ብቻ» የሚባለው ነገር መስከረም ላይ አያበቃም። ልጁ በሐምሌ ገንዘብ ይይዛል። በነሐሴ ለቤተሰቡ መላክ ይጀምራል። መስከረም ሲጠባ ቤተሰቡ ያንን ገንዘብ ለምዶታል። ጥቅምት ላይ ልጁ ሰኞና ማክሰኞ ይቀራል። ታኅሣሥ ላይ ስሙን ስጠራ ጓደኞቹ «ሥራ ገብቷል» ይሉኛል። 8ኛ ክፍል ደግሞ ፈተና አለ።

ልጁ 7ኛን ጨርሷል አልክ። አንድ ዓመት ነው የቀረው። እባክህ ያንን ዓመት ጠብቅለት።

ቧንቧ ውሃ ካፌ | ሰኔ 30፣ ቀን 7:25

ጥያቄ ላስገባ፣ ከርዕሱ ብዙ ካልራቀ። እኔ ካፌ ነው ያለኝ። አስተናጋጆቼ ሁለቱ 16 እና 17 ናቸው። የተማሩ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው። የምንዘጋው ማታ 5 ሰዓት ነው። ደግሞ መውሊድ፣ ኢድ፣ ገናና ፋሲካ ላይ ነው ሥራ ያለን። በዓል ላይ አይሠሩም ከተባለ እኔ በማን ልሥራ? በዓል የሚከፈለውን እጥፉን እከፍላቸዋለሁ እኮ።

ጠበቃዋ ከደሴ | ሰኔ 30፣ ቀን 8:40

እጥፉን መክፈል ለአዋቂ ነው የሚሠራው። ለወጣት ሠራተኛ ክልከላው በገንዘብ አይነሳም። እሷ ብትስማማም፣ ቤተሰቧ ቢፈርሙልህም ያው ነው።

ከ4 ሰዓት በፊት ሸኛቸው። የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ትልልቆቹ ይዝጉ። ለበዓል ደግሞ ከ18 በላይ የሆነ ሰው ለቀኑ ያዝ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ድንገት ቢገባ መጀመሪያ የሚጠይቅህ የሠራተኞችህን ዕድሜና የሰዓት መዝገብ ነው። ቅጣቱ በገንዘብ ነው። ግን እኔ ከቅጣቱ በላይ የሚያሳስበኝ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ከሌሊቱ 5:30 ላይ በጨለማ ብቻዋን ወደ ቤቷ መሄዷ ነው።

ቧንቧ ውሃ ካፌ | ሰኔ 30፣ ቀን 8:52

እሱስ እውነት ነው። አንዷ ቤቷ ገራዶ መውጫ ነው። እስካሁን ባጃጅ ነበር የማሳፍራት። እሺ።

ሰኞ ገበያ | ሰኔ 30፣ ማታ 1:15

ስለ ሚኒባስ ረዳቶችስ? ደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ላይ በር ላይ ተንጠልጥለው «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» የሚሉት ግማሾቹ ገና ጺም ያላወጡ ናቸው።

ጠበቃዋ ከደሴ | ሰኔ 30፣ ማታ 1:40

አዋጁ ለወጣት ሠራተኛ ክልክል ብሎ በስም ከጠራቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ሰውና ዕቃ በመንገድ፣ በባቡር፣ በአየር ወይም በውሃ ማጓጓዝ። መጋዘን ውስጥ ከባድ ዕቃ ማንሳትና መግፋትም አለበት። የኤሌክትሪክ ማመንጫና መስመር ሥራ፣ ማዕድንና ድንጋይ ካባ፣ የፍሳሽ ቦይና ዋሻ ቁፋሮም እንዲሁ። ስለዚህ 17 ዓመቱ እንኳ ቢሆን ረዳት ሆኖ መቀጠር አይችልም። ያቺን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምታወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ሊስትሮዎቹና ሎተሪ አዟሪዎቹ ሌላ ናቸው። አሠሪ የላቸውም፣ ለራሳቸው ነው የሚሠሩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እነሱ ጋ አይደርስም። ትልቅ ቀዳዳ ነው።

የደላንታዋ | ሰኔ 30፣ ማታ 3:30

ሁላችሁም የምታወሩት ውጭ ስለሚሠሩት ነው። ወርክሾፕ፣ ካፌ፣ ሚኒባስ። ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ያሉትን። እኔ ሰው የማያየኝ ቦታ ነበርኩ።

11 ዓመቴ ነበር። የአባቴ ዘመድ መጥቶ «ደሴ አስተምራታለሁ» አለ። እናቴ አዲስ ነጭ የላስቲክ ጫማ ገዛችልኝ። መኪናው ላይ ጫማዬን አውልቄ ጭኔ ላይ ይዤ ነው የመጣሁት፣ አቧራ እንዳይነካው ብዬ። ደሴ ስደርስ ከእሱ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሰጠኝ። ደመወዜን የሚቀበለው እሱ ነበር። ስንት እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

እንጀራ እጋግር ነበር። ምጣዱ ቁመቴን ይበልጠኝ ነበርና በርጩማ ላይ ቆሜ ነው የምጋግረው። አንድ ቀን በርጩማው ተንሸራተተ። በቀኝ ክንዴ ምጣዱ ላይ ወደቅኩ። እመቤቲቱ ቅቤ ቀባችኝ። «ለምን ተቻኮልሽ» አለችኝ። ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ትምህርት ቤት ግን ከዓመት በኋላ ማታ ማታ አስገቡኝ። እሱን አልክድም። እዚያ ያገኘሁት ፊደል ነው ዛሬ ይህንን የሚያስጽፈኝ።

ጠበቃዋ እህቴ፣ እባክሽ ንገሪኝ። ለእኔ ዓይነቷ ሕግ አለ?

ጠበቃዋ ከደሴ | ሰኔ 30፣ ማታ 4:25

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እውነቱን ልንገርሽ። የቤት ሠራተኛ ከአዋጅ 1156 ውጭ ናት። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠር ሰውን አዋጁ አያካትትም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል ተብሎ ነው የታለፈው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው የምትኖርን ሠራተኛ ጤና እንዲጠብቅ ያዛል። አንቺ ስትቃጠዪ ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረባቸው ማለት ነው። ግን የ7 ሰዓቱ፣ የ15 ዓመቱ፣ የሌሊቱ ወሰን እዚያ ላይ አይሠራም። ልጆች በብዛት የሚሠሩበት ቤት ውስጥ ነው፣ ሕጉ ደግሞ በር ላይ ይቆማል። ይህ ያናድደኛል።

ባዶ ሜዳ ግን አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ለሁሉም ልጅ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 በእጁ ያለችን ልጅ የሚያንገላታ፣ ከአቅሟ በላይ የሚያሠራ፣ የሚደበድብ ሰው ይቀጣል ይላል። እናት ወይም አባት ብቻ አይደለም፣ ልጅቷ በእጁ ያለች ማንም ነው። «አስተምራታለሁ» ብሎ ከገጠር አምጥቶ ለጉልበት ብዝበዛ አሳልፎ የሚሰጥ ደላላ ደግሞ በሰው በመነገድ ወንጀል በአዋጅ 1178/2012 ሊጠየቅ ይችላል። ዘመድ መሆኑ አያድነውም።

በጎረቤታችሁ እንደዚህ ያለች ልጅ ካየችሁ ለቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። «የሰው ቤት ነው» አትበሉ።

የደላንታዋ | ሰኔ 30፣ ማታ 4:40

አመሰግናለሁ። አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

መምህር፣ ሆጤ | ሐምሌ 1፣ ጠዋት 2:10

የማታ ተማሪዎቼ ግማሾቹ እንዳንቺ ናቸው። ዴስኩ ላይ ይተኛሉ። አልቀሰቅሳቸውም። ከዛሬ በኋላ ስም ከመጥራቴ በፊት የት እንደሚኖሩ እጠይቃለሁ።

ብየዳ ከኮምቦልቻ | ሐምሌ 3፣ ማታ 2:30

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አራት ቀን ዝም ያልኩት እያሰብኩ ስለነበር ነው።

አክስቴ ጋ ሄድኩ። «እማ፣ ልጁን አልቀጥረውም፣ ግን ክረምቱን እኔ ቤት ይሁን» አልኳት። መጀመሪያ ከፋት። «ሕግ ሕግ ትላለህ፣ አንተን ማን ከለከለህ?» አለችኝ። ጠባሳዬን አሳየኋት። ዝም አለች። ደብተርና ጫማውን እኔ እገዛለሁ። የክረምት ትምህርት አስመዘገብኩት። 8ኛን ይጨርስና ሙያውን ከወደደው ያኔ እንነጋገራለን።

ሌላ ደግሞ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ወርክሾፑ ውስጥ ከሚሠሩት ከሦስቱ ልጆች አንዱ 16 ዓመቱ ነው። ዓመት ሙሉ ሲበይድ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ይልቅ መስመር ያወጣል። ትናንት ጠዋት ማሽኑን ከእጁ ወሰድኩ። ልኬት መውሰድ፣ ብረት መቁጠር፣ ደንበኛ መቀበል ያንተ ነው አልኩት። ጧት ከ2 እስከ 6፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 11፣ ይኸው 7 ሰዓት። ደመወዙን አልነካሁም። አኮረፈኝ። ሁለት ቀን ሙሉ «እንደምን አደርክ» አላለኝም። ዛሬ ደብተር ሰጠሁት፣ የሠራበትን ሰዓት ራሱ እንዲጽፍ። ማታ ሳየው በትልቁ 7 ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «መቼ ነው የምመለሰው?» ብሎ ጽፎበታል። ምን ልመልስለት?

ጠበቃዋ ከደሴ | ሐምሌ 3፣ ማታ 3:15

እውነቱን ንገረው። 18 ሲሞላው። ወይም ደግሞ በቴክኒክና ሙያ ተቋም ተመዝግቦ በሚመለከተው አካል በጸደቀ ሥልጠና ውስጥ ከገባ፣ ሕጉ እዚያ ላይ በር ይከፍታል። ሥልጠና ሲሆን አስተማሪ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ማስክ አለ።

አንተ ጋ ተለማማጅ ሆኖ መማር ከፈለገ ደግሞ የልምምድ ውል ይደረግ። ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነ ይቻላል። ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በሚመለከተው መሥሪያ ቤትም መረጋገጥ አለበት። ያለዚያ አይጸናም። በውሉ ላይ ምን እንደሚማርና ምን እንደማይነካ ይጻፍ። አንድ ነገር ደግሞ እወቅ። በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ጥፋቱ ያንተ ባይሆንም ተጠያቂው አንተ ነህ። ጉዳቱ ለዘለቄታው መሥራት የሚያግደው ከሆነ የተለማማጅ ካሳ የሚሰላው አሁን በሚያገኛት ትንሽ ብር አይደለም። ሙያውን ጨርሶ ቢሆን ያገኝ በነበረው ደመወዝ ነው።

የሸዋ በር ልጅ | ሐምሌ 3፣ ማታ 3:40

ማሽኑን የወሰድክበት ቀን ማታ ዓይኑ አላቃጠለውም። እሱ አላስተዋለው ይሆናል። እናቱ ግን ታውቃለች።

ብየዳ ከኮምቦልቻ | ሐምሌ 3፣ ማታ 3:52

እህቴ፣ የልምምድ ውሉን የት ነው የማረጋግጠው? ሰኞ ልሂድ።

ጠበቃዋ ከደሴ | ሐምሌ 3፣ ማታ 4:01

ኮምቦልቻ ከተማ ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ጠይቅ። የልጁን የትምህርት ማስረጃ ያዝ። እናቱ ወይም አባቱ አብረው ይምጡ። ልጁንም ይዘኸው ሂድ፣ የሚፈርምበትን ወረቀት ራሱ ያንብበው።